የጋሽ አለልኝ ተራ

ባለቤቴ ሰሎሞን ደውሎ «ጋሽ አለልኝ አረፉ» ሲለኝ ከአፌ የወጣው «ማንን ሲሳደቡ?» የሚል ጥያቄ ነበር። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ፊት ለፊቴ የሐኪም ወረቀት የያዙ አንድ አዛውንት ቆመዋል። እሳቸውን አፍሬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ እንጂ በጥያቄዬ አልተጸጸትኩም። ሰሎሞን አልሳቀም። ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ፣ እህታቸው ቤት፣ ጥቂት ቀን ታመው እንደሞቱና በማግስቱ እንደሚቀበሩ ነገረኝ። እሱ ለቀብር ሄደ። እኔ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ሥራ አልነበረብኝም።

የሞተን ሰው መውቀስ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ጋሽ አለልኝን በሕይወት ሳሉም የጠላኋቸው በአንቱታ ነው፤ አሁንም አንቱ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ጨዋነት ከእኔ አይጠበቅም።

ሹም አቦ ሰፈር ቤት ተከራይተን ስንገባ አጥር ለአጥር የተጎራበትናቸው ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ከኮታቸው ላይ ጋቢ የማይለያቸው። በልጅነታቸው ከቁንዝላ ወጥተው ሐይቁ ዳር ባሉት አድባራት እየተዘዋወሩ ቅኔ ተምረዋል። ሊመረቁ ሲሉ ትምህርቱን ጥለው ክር ፋብሪካ ገቡና ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሚስት አላገቡም። የሚችላቸው ሰው ስለጠፋ ነው ብዬ አምን ነበር፤ እስካሁንም የተሻለ ምክንያት አላገኘሁም።

የገባን ሰሞን፣ ጎረቤት ናቸው ብዬ፣ የዓሣ ጎላሽ ሠርቼ በሰሃን ወሰድኩላቸው። ክዳኑን ገለጥ አድርገው አዩና «ዓሣውን ማን ገደለው?» አሉኝ።

«ገዝቼ ነው፤ አስጋሪዎቹ ናቸው» አልኩ።

«እነሱንስ አውቃለሁ። ሁለተኛ የገደለውን ነው የጠየቅሁ።»

ጎላሹን ግን ጠርገው በሉት። ሰሃኑን በማግስቱ ሳይታጠብ በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሴትዮ» ሆነ። «ሴትዮ፣ ውኃሽ እየፈሰሰ ነው።» «ሴትዮ፣ ልብስሽ ጥላ ላይ ነው የተሰጣ፣ ለሻጋታ ነው?» ሁልጊዜም ትክክል ናቸው፤ ውኃው ይፈስሳል፣ ልብሱም ጥላ ላይ ነው። ትክክል የሆነ ባለጌን የመሰለ የሚያንገበግብ ሰው የለም።

ደግሞ የአጥሩ ጉዳይ አለ። በየክረምቱ የአጥር ተክላቸውን አንድ አንድ ረድፍ ወደ እኛ ግቢ ይጨምራሉ። በሦስተኛው ዓመት የልብስ ማስጫ ገመዳችን የሳቸው ቅጠል ውስጥ ገባ። ስንናገራቸው «ሰው ያልሰፈረበት መሬት የቀደመ ይሰፍርበታል፤ ደንቡ ነው» አሉን። የቀበሌ ደንብ መስሎኝ ነበር። የኮምፒውተር ጨዋታ ደንብ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

የእህታቸው ልጅ የሰጠቻቸው አሮጌ ኮምፒውተር በረንዳቸው ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ያለው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ጥቂት ሰፋሪና አንድ ዘበኛ ይዘው ባዶ ምድር ላይ ይጀምራሉ፤ ከተማ ይቆረቁራሉ፣ ያርሳሉ፣ ዕውቀት ያካብታሉ፣ ጦር ያሠለጥናሉ፤ እንዲህ እያሉ ሥልጣኔ ይገነባሉ። ሁሉም ነገር በተራ ነው። አንዱ ያሉትን ሰዎች አንቀሳቅሶ ሲጨርስ ወንበሩን ለሌላው ይለቅቃል። የሌላውን ዋና ከተማ የያዘ አሸነፈ ማለት ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ ሲተክዝ ጋሽ አለልኝ ምንም አልጎደለባቸውም፤ ጨዋታው ኢንተርኔት አይፈልግም። ሰሎሞን የተጠመደው ያኔ ነው።

ሁለት ሰው በአንድ ኮምፒውተር ሲጫወት ተራው ያልሆነው ማየት የለበትም። ለዚህ ጋሽ አለልኝ ያወጡት ሕግ ነበራቸው፤ ተራው ያልሆነው ሰው ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ሄዶ ኮምፒውተሩን ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። አንገቱን ያዞረ ዳግመኛ አይጫወትም። እኔ ከማድቤቴ መስኮት ሆኜ ኮሌጅ የሚያስተምር ባሌን እንደተቀጣ ተማሪ ከማንጎ ግንድ ጋር ተፋጥጦ አየዋለሁ። እሳቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ተራ አንድ የተቆላ ሽምብራ ከጣሳ ያወጣሉ፤ አንድ ብቻ፤ እስኪያልቅም ድረስ ያስባሉ።

ይህ ሁሉ ሊያስቀኝ ይችል ነበር፤ ግን ሰሎሞን የማስተርስ ጽሑፉን እስከ ሰኔ ሠላሳ ማስረከብ ነበረበት። ሁለት ጊዜ አራዝመውለታል፤ ሦስተኛ የለም። ካላስረከበ ትምህርቱ ይሰረዛል፣ ኮሌጁም ያሰናብተዋል። ሚያዝያ ሲገባ ከአምስቱ ምዕራፍ የጻፈው ሁለቱን ነው። ከሥራ ሲመለስ ቦርሳውን ለእኔ በአጥሩ ላይ እያቀበለኝ በሳቸው በር ይገባ ጀመር። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ሦስት ቀን አኮረፍኩ። «ዛሬ ብቻ፤ ከተማዬ ተከብቦ ነው» ይለኛል። እኔ የተከበብኩትን ማን ይየው!

አንድ ቅዳሜ ቀጥ ብዬ ሄድኩባቸው።

«ጋሽ አለልኝ፣ ባሌን ይተዉልኝ።»

«በገመድ አላሰርሁት።»

«በሩን ይዝጉበት።»

«ለምን ሲባል? ይመጣል፣ ይሸነፋል፣ ይሄዳል። እንዲህ ያለ እንግዳ ከየት አገኛለሁ?»

ደሜ ፈላ። «እኔ ባሸንፍዎትስ?» አልኩ፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ፊታቸው ኮስተር አለ። «ካሸነፍሽኝ ጽሑፉን እስኪያስረክብ በሬን አያልፍም፤ ቃሌ ነው። ካሸነፍሁሽ ስለ አጥሩ አፍሽን አትከፍችም።»

«መጫወት እኮ አልችልም።»

«አስተምርሻለሁ። ያላስተማርሁትን ሰው ማሸነፍ ምን ደስ ይላል?»

ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማውዙን አላስነኩኝም። እሳቸው እንደተማሩት፣ ሁሉም ነገር መጀመሪያ በቃል ነው። አንዱን ደንብ አንዴ ይናገራሉ፤ እኔ ቆሜ እደግማለሁ። በሚቀጥለው ቀን ሳልቀመጥ ያለፈውን ሁሉ ከመጀመሪያ አወርዳለሁ። አንድ ቃል ከሳትኩ «ሂጂና ከልሺ» ብለው ኮምፒውተሩን ያጠፋሉ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ «ዶክተር» እያሉ የሚጠሩኝ ሰዎች አሉ፤ እዚያ በረንዳ ላይ ግን እጄን አጣምሬ አነበንባለሁ።

«መጀመሪያ ከተማሽን በመጀመሪያው ተራ ትከይ። ውኃ ካለ በቃ፤ የተሻለ ቦታ እያልሽ ስትዞሪ ሌላው ሦስት ልጅ ወልዷል። ቃኚ ላኪ፤ የማታውቂው መሬት ላይ ጠላትሽ ይተኛል። ከዚያ ዘበኛ፣ ከዚያ ሰፋሪ። አራት ከተማ ሳይኖርሽ ደብር አትሥሪ።» ደብር የሚሉት ጨዋታው ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ድንቅ ሕንፃዎች ነው። ሰሎሞን የሚሸነፈው በነሱ ነበር፤ ሕዝቡ ሳይጠግብ ሐውልት ያቆማል። «እህል የሌለው ከተማ አያድግም፤ ያላደገ ከተማ ዕውቀት የለውም፤ ዕውቀት የሌለው ጦር በዱላ ከጠመንጃ ይገጥማል። ድንበር ላይ ያለ ከተማ ያለ ዘበኛ አይደር። ሁሉንም አትፈልጊ፤ በምን እንደምታሸንፊ በጊዜ ወስኚና ሌላውን ተይው።»

የመጨረሻውን ደንብ ከሁሉም በላይ ያስደግሙኝ ነበር። «ከተሞችሽን ሁሉ ሳትዞሪ ተራሽን አትዝጊ። አንድ በአንድ፣ እስከ ዳሩ። አንዱን ከረሳሽ እሱን ነው የምትቀሚው።»

እጠላቸው ስለነበር አንድም ቃል አልጠፋኝም። «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። በደንብ ስደግም ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውን እንደ ምርቃት መቁጠር ስጀምር ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ።

ግንቦት ሲገባ ጨዋታው ተጀመረ። በየእሑዱ ብቻ ነው የምንጫወተው፤ በሌላው ቀን ሰሎሞን ከሳቸው ጋር የራሱን ሽንፈት ይቀጥላል። የደረሰን ምድር መሐሉ ሐይቅ ነው። እሳቸው በደቡብ ዋና ከተማቸውን ተክለው «ቁንዝላ» አሉት። እኔ በምሥራቅ ሰፈርኩ፤ ሰሜን ዳር ላይ የቆረቆርኩትን ከተማ በእናቴ አገር ስም «ቆላ ድባ» አልኩት። «ጤፍ ይብቀልበት» አሉ በፌዝ። መብራት ስለማይታመን እሳቸው ተራቸውን በጨረሱ ቁጥር ጨዋታውን ያስቀምጡታል፤ ድንገት ቢጠፋ ከዚያው እንድንቀጥል።

በሁለተኛው እሑድ ሽፍቶች በዙ። ሽፍቶቹን የሚያንቀሳቅሳቸው ኮምፒውተሩ ነው፤ ከሰሜን ጫካ እየወጡ የሁለታችንንም እርሻ ያቃጥላሉ። ጋሽ አለልኝ እነሱ እስኪጠፉ እርስ በርስ አንነካካ አሉኝ። ጨዋታው ውስጥ የሰላም ውል አለ፤ አንዴ ከተፈረመ ኮምፒውተሩ ራሱ ማጥቃት ይከለክላል። ልጫነው ስል እጃቸውን ማውዙ ላይ አደረጉ።

«ተይው። ማሽን የሚጠብቀው ውል ምኑን ውል ሆነ? በአፍሽ በይው።»

«ሽፍቶቹ እስኪጠፉ አልነካዎትም» አልኩ ሳቄ እየመጣ።

እሳቸው ተነሱ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አደገደጉና «እኔም ሽፍቶቹ እስኪጠፉ አልነካሽም፤ የሚነካሽንም ዝም ብዬ አላይም» አሉ። ጋቢያቸውን መልሰው አጣፍተው ተቀመጡና አንድ ሽምብራ አወጡ። ማታ ለሰሎሞን እንዴት እንዳደገደጉ አሳይቼው በሳቅ ወደቅኩ። እሱ አልሳቀም፤ እሱ ስለሳቸው ስናወራ ስቆ አያውቅም።

ሦስተኛው እሑድ ግንቦት ሊያልቅ ዐሥር ቀን ገደማ ሲቀረው ነበር። ሰሎሞን ሦስተኛውን ምዕራፍ ገና አልጀመረም። ያን ቀን ጠዋት አማካሪው ደውለው ምን እንዳሉት ባላውቅም ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ «ነገ ከጋሽ አለልኝ ጋ ቀጠሮ አለኝ» አለኝ። እኔ በበኩሌ ለሳምንታት አምስት ፈረሰኛ ከየከተማዬ እየሰበሰብኩ ከቁንዝላ ጀርባ ካለ ኮረብታ ሥር ደብቄያለሁ። ለማጥቃት ይሁን ለመጠበቅ ያን ጊዜ ለራሴም አልለየሁትም።

ማንጎው ሥር ቆሜ ሽምብራው ሲሰበር ሰማሁ። ተራቸው ረዘመ፤ በጣም ረዘመ። «ነይ» አሉኝና እሳቸው በተራቸው ሄደው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ስቀመጥ አንዱን ፈረሰኛ ኮረብታው ላይ አወጣሁና ቁንዝላን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ባዶ ነው። አንድ ዘበኛ የለበትም።

ሌላ ምንም አላየሁም። ከተሞቼን አልዞርኩም። ፈረሰኞቼን አንድ በአንድ ከኮረብታው ጀርባ አወጣኋቸውና ቁንዝላ ገባሁ።

«ጋሽ አለልኝ፣ ይምጡ።»

መጥተው ስክሪኑን ቆመው አዩት። ደጋግመው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ውልሽስ?»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ ጋሽ አለልኝ።»

«ጨዋታ ነው» አሉ። እጃቸው ላይ የነበረውን ሽምብራ ወደ ጣሳው መለሱ፣ ጣሳውን ከደኑ፣ የኮምፒውተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀሉት። ለዓሣውም፣ ለልብሱም፣ ለውኃውም ስድብ የማያጡት ሰውዬ ለእኔ ስድብ አጡ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ በዚህ ኮርቼ ነበር።

በማግስቱ ሰሎሞን በሩን አንኳኳ፤ አልተከፈተም። ሳምንቱን ሙሉ አንኳኳ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና ጽሑፉን ሰኔ ሃያ ስምንት አስረከበ። ዛሬ የምንበላው እንጀራ የዚያ ጽሑፍ ነው፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። ግን ቃላቸው «እስኪያስረክብ» ነበር። ሰሎሞን ካስረከበ በኋላ የጽሑፉን ቅጂ ይዞ ቢሄድ በአጥሩ ላይ ተቀብለውት «እንኳን ደስ ያለህ፤ በሩ ግን አይከፈትም» አሉት። ምክንያቱን አልነገሩትም። እሱም እኔን ጠየቀኝ፤ እኔ «ሽንፈት አይችሉም» አልኩት።

እኔን ሲያገኙኝ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጡ። «ሴትዮ» ቀረ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ቆብ አንሥተው «እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ? እርስዎ ደኅና ነዎት?» ይሉኛል። ሰፈርተኛው ሲሰማ ምን አክብሮት ነው ይላል። እኔ ግን እያንዳንዷ «እርስዎ» ምን ያህል እንደምታርቀኝ አውቀዋለሁ። ክረምት ሲገባ የአጥር ተክላቸውን ነቅለው ሦስቱንም ረድፍ ወደ ኋላ መለሱና በትክክለኛው ወሰን ላይ እሾህ ተከሉ። የልብስ ማስጫዬ ነጻ ወጣ። ስሰጣ ያ እሾህ ደጋግሞ እጄን ወግቶኛል። በዓመቱ ቤታቸውን አከራይተው ቁንዝላ ገቡ።

ለሁለት ዓመት ያህል ለራሴ የነገርኩት አንድ ታሪክ ነበር፤ እያወቁ ነው የለቀቁልኝ፣ ባሌን ለመመለስ ሰበብ ፈልገው ነው፣ ከዚያ ኩራታቸው አልፈቀደላቸውም። ይህን ታሪክ ለሥራ ጓደኞቼም አውርቼዋለሁ። ጥሩ ታሪክ ነው፤ እኔንም ንጹሕ ያደርጋል።

ሰሎሞን ከቀብር ሲመለስ ከጀልባው የወረደው ኮምፒውተሩን ታቅፎ ነው። እህታቸው «እኛ ምን እናደርገዋለን፤ አንተ ነበርህ አብረሃቸው የምትጫወት» ብለው ሰጥተውታል። ቁንዝላ ከገቡ ጀምሮ ጨርቅ እንደለበሰ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር አሉት።

ትናንት እሑድ ሰሎሞን ዕድር ሲሄድ ከፈትኩት። የመጨረሻው የተቀመጠ ጨዋታ ያው የእኔና የሳቸው ነው። ገመዱን የነቀሉት የእኔ ተራ ሳይቀመጥ ስለሆነ ቁንዝላ አልተያዘችም፤ የቆመው እሳቸው ተራቸውን ሊዘጉ ሲሉ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቸውን ወገን በሳቸው ዓይን አየሁ።

ቁንዝላ ባዶ ናት። ዘበኞቹ የት ሄዱ ብዬ ካርታውን ወደ ምዕራብ ሳብኩት፤ የሉም። ወደ ሰሜን ሳብኩት። ሦስቱም እዚያ ናቸው፤ ቆላ ድባ በር ላይ፣ የእኔ ከተማ በር ላይ። ከጫካው አራት የሽፍታ ጭፍራ ወጥቶባቸዋል። ሁለቱ ዘበኞች ቆስለዋል፤ አንድ ውጊያ አልፏል ማለት ነው። ከተማዋ ውስጥ የእኔ የሆነ አንድም ወታደር የለም፤ ሁሉንም ከኮረብታው ሥር ሰብስቤያቸዋለሁ። ከቁንዝላ እዚያ ለመድረስ ስንት ተራ እንደሚፈጅ ቆጠርኩ። አምስት። ከውሉ ወዲህ የተጫወትነው ከዚያ ብዙ አይበልጥም፤ በአፋቸው ቃል በገቡበት ቀን የተነሱ ናቸው። ያን ረጅም ተራ የተቀመጡት ለእኔ ከተማ ነበር።

ያን ቀን ካርታዬን ወደ ሰሜን አንድ ጊዜ ብስበው አያቸው ነበር። የተማርኩትን ብሠራ፣ ከተሞቼን አንድ በአንድ እስከ ዳሩ ብዞር። በቃሌ እያወረድኩት የነበረው ደንብ ነው።

መጀመሪያ የተናደድኩት በሳቸው ነው፤ አልደብቅም። «ሴትዮ፣ ሰሜንሽን እይ» ማለት ምን ነበረበት? ዓሣዬ ላይ ያ ሁሉ ምላስ የነበራቸው ሰው ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለምን ዋጧት? ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ከሚሉኝ አንድ ቀን ለምን አልሰደቡኝም? ያኔ እጣላቸው ነበር፣ ይቅርታ እጠይቃቸውም ይሆናል። እንዲህ አድርገው ሄዱ፤ ይህን አልረሳላቸውም። ከዚያ ንዴቱ ወደ እኔ ዞረ፤ እስካሁን እዚሁ ነው።

ተራቸውን ዘጋሁላቸው። የእኔ ተራ መጣ። አምስቱ ፈረሰኞች ከኮረብታው ሥር እንደነበሩ ናቸው። ቁንዝላን ሳልነካ አንድ በአንድ አዞርኳቸውና ወደ ሰሜን መንገድ አስገባኋቸው። ከተሞቼን ሁሉ ዞርኩ፤ እስከ ዳሩ። ተራዬን ዘጋሁ። ስክሪኑ ጠቆረና የሳቸውን ስም ጽፎ ባለተራው እንዲቀመጥ ጠየቀ።

ከወንበሩ ተነሳሁ። በመስኮቱ ማንጎአቸው ይታያል። መስኮቱ ጋ ሄጄ ኮምፒውተሩን ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

ሰሎሞን ሲመለስ እንደዚያው ሆኜ አገኘኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ።

«እንዳታየው፤ ተራው የሳቸው ነው» አልኩት።